ከሐርቡ ሰማይ ሥር፦ ፀሐይ፣ ጥላ እና ቂብላ



የእኛ የሙስሊሞች ቀን ከሰማይ ጋር የታሰረ ነው። ሱብሂ በጎህ፣ ዙህር በፀሐይ ማዘንበል፣ ዐስር በጥላ ርዝመት፣ መግሪብ በፀሐይ መግባት፣ ዒሻ በወጋገኑ መጥፋት። ጾማችንም ሐጃችንም በጨረቃ ነው። ይሁን እንጂ ዛሬ ስንቶቻችን ነን ቀና ብለን ሰማዩን የምናየው? ሰዓቱን ሞባይል ይነግረናል፤ አቅጣጫውንም ሞባይል ያሳየናል። ሞባይሉ ሲሳሳት ግን ማን ያርመው?

ዛሬ ስለ ፀሐይና ከዋክብት ለጀማሪ በሚገባ መልኩ ልጽፍላችሁ አስቤአለሁ። ቴሌስኮፕ አያስፈልግም። አንድ ቀጥ ያለ ዱላ፣ ገመድና ዐይን ይበቃል። ለመጻፍ ያነሳሳኝ ግን እዚሁ አጠገባችን የተፈጠረ አንድ ጉዳይ ነው።

▪ በአንድ መስጂድ ሁለት ሶፍ

ባለፈው ታኅሣሥ ከሐርቡ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ቀበሌ ጭቅጭቅ ተነሳ። የመስጂዱን ስም መጥራት አያስፈልግም። ለዓመታት ሪያድ ሠርቶ የተመለሰ አንድ ወጣት ሚሕራቡ አጠገብ ቆሞ ሞባይሉን ሲከፍት ቀስቷ ወደ ቀኝ ዞራ አገኛት። «ቂብላው ተጣሟል» አለ። ጓደኞቹም ሞከሩት፤ የእነሱም ወደ ቀኝ ዞረ። በሳምንቱ ጥቂት ወጣቶች ከጀመዓው ጋር ቆመው ፊታቸውን ብቻ ወደ ቀኝ አዙረው መስገድ ጀመሩ። በአንድ መስጂድ፣ ከአንድ ኢማም ኋላ፣ ሁለት ዓይነት ሶፍ!

ሽማግሌዎቹ ከመቆጣት ይልቅ አዘኑ። በልጅነታቸው ለግንቡ ድንጋይ የተሸከሙ አንድ አባት «ልጄ፣ አባቶቻችን ዕድሜ ልካቸውን ወዴት ሲሰግዱ ኖሩ ነው የምትሉን?» አሉኝ። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ከጀርባው የሞቱ ወላጆች ሶላት አለ። ዑለማዎቻችን አቅሙ የፈቀደውን ጥረት አድርጎ ወደ ቂብላ የሰገደ ሰው ሶላቱ ትክክል እንደሆነ ማስተማራቸውን ነገርኳቸው። ቢሆንም ልባቸው እንዲረጋ ነገሩ በዐይን መታየት ነበረበት። ኢማማችንም «ሂድና ሁለቱንም ወገን አስቀምጠህ በፀሐይ አሳያቸው» ብለው ላኩኝ።

▪ ሐርቡና መካ በአንድ መስመር

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የማናውቀው አንድ ድንቅ ነገር አለ። የምድር ካርታ ላይ ከሰሜን ዋልታ እስከ ደቡብ ዋልታ የሚዘረጉ መስመሮች አሉ፤ ኬንትሮስ ይባላሉ። ካዕባ ያለችበት ኬንትሮስ 39.8 ዲግሪ ምሥራቅ ነው። የእኛዋ ሐርቡስ? እሷም 39.8 ገደማ! ኮምቦልቻ 39.7፣ ደሴ 39.6 ናቸው። በሌላ አነጋገር ከሐርቡ ተነስቶ ወደ ሰሜን ዋልታ በቀጥታ መስመር የሚሄድ ሰው 1,160 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዝ ካዕባ አጠገብ ይደርሳል። የሐርቡ ቂብላ ሰሜን ነው፤ ልዩነቱ አንድ ዲግሪ እንኳ አይሞላም። ደሴም ላይ ወደ ምሥራቅ አንድ ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው የሚያዘነብለው። አዲስ አበባ ላይ ወደ 4 ዲግሪ ተኩል ይደርሳል።

ሌላም አለ። በአንድ ኬንትሮስ ላይ ያሉ አገሮች ቀትራቸው አንድ ነው። ፀሐይ መካ ላይ ከሰማዩ አጋማሽ ስትደርስ በዚያው ደቂቃ ሐርቡም ላይ ትደርሳለች። ኢትዮጵያና ሳዑዲ የሰዓት ክልላቸውም አንድ ስለሆነ የሐረም ዙህርና የእኛ ዙህር ዓመቱን ሙሉ አብረው ይጓዛሉ። ጅዳ ያለች ልጇን የናፈቀች የሐርቡ እናት ይህን ትወቅ፦ ቀትር ላይ የሁለታችሁም ጥላ ባጠረበት ሰዓት መካከል የሁለትና የሦስት ደቂቃ ልዩነት ብቻ ነው ያለው።

▪ ዱላው ሲመሰክር

እዚያ እንደደረስኩ በመጀመሪያ ያደረግነው ሞባይሉን ይዞ መዞር ነበር። ሚሕራቡ ጋ ወደ ቀኝ፣ በሩ ጋ ወደ ግራ፣ ውጭ ሜዳው ላይ ደግሞ ሌላ። ለምን? የሞባይል ኮምፓስ የሚሠራው የምድርን ደካማ የማግኔት ኃይል በመለካት ነው። ሚሕራቡ አጠገብ ሞንታርቦ ተቀምጧል፤ በሆዱ ትልቅ ማግኔት አለ። ምሰሶው ውስጥ ፌሮ፣ ጣሪያው ላይ ቆርቆሮ አለ። በእነዚህ መካከል ኮምፓሱ ምን ያድርግ? ሞባይሉ መካ የት እንዳለች በሒሳብ ያውቃል፤ ያጣው ሰሜንን ነው።

ከዚያ ደልዳላ ቦታ መርጠን አንድ ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ ዱላ ተከልን። ቀጥ ማለቱን አንድ ግንበኛ በቱንቢ አረጋገጠልን። ከጠዋቱ 4 ሰዓት የጥላው ጫፍ ያረፈበትን ነጥብ ምልክት አደረግን። ገመዱን ዱላው ሥር አስረን እስከዚያ ነጥብ ባለው ርዝመት መሬቱ ላይ ክብ አዞርን። ከዚያ መጠበቅ ነው። ጥላው እያጠረ ወደ ክቡ ውስጥ ገባ፤ ቀትር ላይ በጣም አጠረ፤ ዙህርን ሰገድን፤ ከዚያ እንደገና መርዘም ጀመረ። 8 ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ጫፉ በሌላው ወገን ክቡን ነካ። ያንንም ምልክት አደረግን።

ሁለቱን ነጥቦች የሚያገናኘው መስመር ምሥራቅና ምዕራብ ነው። የመስመሩን አጋማሽ ከዱላው ሥር ጋር ስታገናኙት ደግሞ ትክክለኛው ሰሜንና ደቡብ ይወጣል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ፀሐይ ከቀትር በፊት የወጣችውን ያህል ከቀትር በኋላ ትወርዳለች፤ እኩል ርዝመት ያላቸው ሁለት ጥላዎች ከሰሜን መስመር እኩል ይርቃሉ። ይህን ዘዴ የቀድሞ ሙስሊም ሊቃውንት «አድ-ዳኢረቱል ሂንዲያ» ማለትም የሕንድ ክብ ይሉት ነበር።

ገመዱን ከመስመሩ እስከ መስጂዱ የጎን ግድግዳ የዘረጋው ያው ከሪያድ የመጣው ወጣት ነው። ግድግዳውና ገመዱ ጎን ለጎን ሄዱ። በገመዱ ሙሉ ርዝመት ላይ የታየው ልዩነት ሁለት ጣት አይሞላም። ወጣቱ ዝም ብሎ ቆየና ወደ ሽማግሌው ሄዶ ጉልበታቸውን ሳመ። እሳቸውም ሳቅ ብለው «የመሠረቱ ዕለት የነበሩት ሸኽም ዱላ ተክለው ነበር እኮ» አሉ። ሞንታርቦውን ከሚሕራቡ አራቅነው፤ ዐስርን በአንድ ሶፍ ሰገድን። አልሐምዱሊላህ።

▪ ጥላው ዓመቱን እንዴት ይዞራል?

«ታዲያ ቀትር ላይ ጥላዬ ወደሚያመለክትበት ልስገድ?» የሚል ይኖራል። ቆይ! ወቅቱን ማወቅ አለብህ። ምድር በፀሐይ ዙሪያ ስትዞር 23.4 ዲግሪ ያህል ዘንበል ብላ ነው። ስለዚህ ፀሐይ ግማሹን ዓመት ወደ ሰሜን፣ ግማሹን ወደ ደቡብ ስታደላ እናያታለን። ታኅሣሥ 12 አካባቢ ሐርቡ ላይ የአንድ ሜትር ዱላ የቀትር ጥላ 68 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ ወደ ሰሜን፣ ማለትም ወደ ቂብላ ይወድቃል። ሚያዝያ 10 አካባቢ ፀሐይ በአናታችን ላይ ትሆናለች፤ ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር ቀትር ላይ ጥላ የለውም ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ እስከ ነሐሴ 18 አካባቢ ፀሐይዋ ከእኛ ወደ ሰሜን ስለምታልፍ የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይገለበጣል። ሰኔ 14 ላይ 22 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው።

በዚህ መካከል ሁለት የተለዩ ቀናት አሉ፤ ግንቦት 20 እና ሐምሌ 9 አካባቢ። በእነዚህ ቀናት ፀሐይ ቀትር ላይ በትክክል ከካዕባ አናት በላይ ትውላለች። ሰዓቱ በግንቦቱ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ18፣ በሐምሌው 6 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ነው። በዚያች ደቂቃ ፀሐይን በሚያይ በየትኛውም አገር ያለ ሰው ፊቱን ወደ ፀሐይ አቅጣጫ ቢያዞር ወደ ካዕባ ዞረ ማለት ነው። የሐምሌው ለእኛ ደመና ይበዛበታል፤ የግንቦቱን ግን ሞክሩት።

ጥላ የዐስርንም ሰዓት ይነግረናል። በሻፊዒይ መዝሀብ የዐስር ወቅት የሚገባው የአንድ ነገር ጥላ የራሱን ቁመት ሲያህል ነው፤ የቀትሩ ጥላ ሳይቆጠር። በሐነፊይ ደግሞ ሁለት እጥፍ ሲሆን ነው። ስለዚህ በታኅሣሥ አጋማሽ በሻፊዒይ የአንድ ሜትር ዱላ ጥላ 1 ሜትር ከ68 ሲደርስ እንጂ አንድ ሜትር ሲሞላ ዐስር አልገባም።

▪ ዙህር ለምን ይሄዳል ይመጣል?

ሙአዚኖቻችን የሚያውቁት ነገር ነው፦ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ቀትር 6 ሰዓት ከ5 አካባቢ ነው። የካቲት መጀመሪያ ላይ 6 ሰዓት ከ35 ይሆናል። የግማሽ ሰዓት ልዩነት! ቀኑ ግን እዚህ ያን ያህል አይረዝምም አያጥርም፤ በታኅሣሥ አጋማሽ 11 ሰዓት ተኩል፣ በሰኔ አጋማሽ 12 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ ነው። ታዲያ ቀትሩን ምን ያንቀሳቅሰዋል?

ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ ያልነው የምድር ማዘንበል ነው። ሁለተኛው የምድር መንገድ ፍጹም ክብ አለመሆኑ ነው። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ምድር ለፀሐይ በጣም ትቀርባለች፤ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ። ሰኔ መጨረሻ ላይ 152 ሚሊዮን ትርቃለች። ስትቀርብ ትፈጥናለች፣ ስትርቅ ትዘገያለች። ሰዓታችን ግን ሁልጊዜ በአንድ ፍጥነት ይሄዳል። በሁለቱ መካከል ያለው አለመገጣጠም ነው ዙህርን ወዲያና ወዲህ የሚያመላልሰው።

ለዚህ ነው በድሮ ዘመን ትላልቅ መስጂዶች «ሙወቂት» የሚባል የወቅት ጠባቂ ሊቅ የነበራቸው። በደማስቆ የኡመይያ መስጂድ ሙወቂት የነበረው ኢብኑ ሻጢር በ1371 እ.ኤ.አ. ለመስጂዱ ሚናራ የሠራው የፀሐይ ሰዓት ታሪክ የማይረሳው ነው።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። የአዲስ አበባን የሶላት ሰሌዳ ሐርቡ ላይ የምትጠቀሙ፣ የእኛ ቀትር ከአዲስ አበባ በ4 ደቂቃ ይቀድማል። ጎህም አብዛኛውን ዓመት በጥቂት ደቂቃዎች ይቀድማል። በረመዷን ሱሑር ላይ በአዲስ አበባ ሰዓት እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ የሚበላ ሰው ይጠንቀቅ። በመግሪብም ቢሆን ፀሐይ ከምዕራቡ ተራራ ጀርባ ተሸሸገች ማለት ገባች ማለት አይደለም። ምሥራቁን ተመልከቱ፤ ጨለማው ከዚያ መነሳት አለበት።

▪ ፀሐይ ምንድን ናት?

ፀሐይ ኮከብ ናት። ከሌሎቹ ከዋክብት የምትለየው ለእኛ ስለምትቀርብ ብቻ ነው። ወርዷ ከምድር 109 እጥፍ ነው፤ ሆዷ ክፍት ቢሆን አንድ ሚሊዮን ሦስት መቶ ሺህ ምድሮችን ይይዝ ነበር። ብርሃኗ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር እየተጓዘ እኛ ጋ ለመድረስ 8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ ረጋ ብሎ ለሚሰግድ ሰው የአራት ረከዓ ያህል ጊዜ።

የምትነደው እንደ እንጨት አይደለም። እንጨት ብትሆን ኖሮ በጥቂት ሺህ ዓመታት አመድ በሆነች ነበር። በመሐሏ፣ ሙቀቱ 15 ሚሊዮን ዲግሪ በሚደርስበት ቦታ፣ ሃይድሮጂን የሚባለው ቀላል ጋዝ ተጨምቆ ወደ ሂሊየም ይለወጣል። በየሰከንዱ 600 ሚሊዮን ቶን ገደማ ሃይድሮጂን ይለወጣል፤ ከዚያ ውስጥ 4 ሚሊዮን ቶን ያህሉ ብርሃንና ሙቀት ሆኖ ይወጣል። እንዲህም ሆና ሊቃውንቱ ዕድሜዋን 4.6 ቢሊዮን ዓመት ይገምታሉ፤ ነዳጇም ገና 5 ቢሊዮን ዓመት ያህል ይበቃታል ይላሉ። ሱብሐነላህ!

▪ ሌሊቱን ማንበብ

መብራት ሲጠፋ የምንማረር ሰዎች ነን፤ የጠፋ ዕለት ግን ወደ ግቢ ወጣ በሉ። ከኅዳር እስከ መጋቢት ባሉት ወራት አመሻሹ ላይ በአንድ መስመር የተደረደሩ ሦስት እኩል ከዋክብት ታያላችሁ። ዐረቦች ጀውዛእ የሚሉት የከዋክብት ስብስብ ወገብ ናቸው። እነዚህ ሦስቱ የሚወጡት በትክክል ከምሥራቅ ነው ማለት ይቻላል፤ የሚገቡትም በምዕራብ። ሲወጡ ፊታችሁን ወደ እነሱ ብታዞሩ የሐርቡ ቂብላ በግራ እጃችሁ በኩል ነው።

የሦስቱን መስመር ወደ ደቡብ ምሥራቅ ተከተሉት፤ ከከዋክብት ሁሉ ደምቃ የምትታየውን ሺዕራን ታገኛላችሁ። በሱረቱ ነጅም በስሟ የተጠቀሰችው እሷ ናት። ብርሃኗ እኛ ጋ ለመድረስ 8.6 ዓመት ይፈጅበታል። ዛሬ ያያችሁት ብርሃን ሲነሳ አሁን ሦስተኛ ክፍል ያለው ልጃችሁ ገና አራስ ነበር። መስመሩን ወደ ሰሜን ምዕራብ ስትከተሉ ደግሞ ቀላ ያለው ደበራን ይመጣል፤ 65 የብርሃን ዓመት ይርቃል። ስሙ በዐረብኛ «ተከታይ» ማለት ነው፤ ከፊቱ ያለችውን ሱረያን ስለሚከተል። ዓለም ሁሉ ዛሬም ይህን ኮከብ በዐረብኛ ስሙ ነው የሚጠራው።

ቀለማቸውንም አስተውሉ። ቀጥቃጭ ቤት ብረት ሲግል መጀመሪያ ይቀላል፣ ከዚያ ቢጫ፣ ከዚያ ነጭ ይሆናል። ከዋክብትም እንዲሁ ናቸው፤ ቀዩ ከነጩ ይቀዘቅዛል፣ ሰማያዊ የሚመታው ከሁሉም ይግላል። ፀሐያችን ከላይ 5,500 ዲግሪ ገደማ ሆና መካከለኛ ናት።

የሰሜን ኮከብ ቁጥቡ ሰማዩ ሲዞር እሱ ቦታውን የማይለቅ ይመስላል። ከአድማስ በላይ ያለው ከፍታ ሁልጊዜ ከቦታው ኬክሮስ ጋር እኩል ነው። ሐርቡ 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች፣ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ አንድ ጭብጥ ያህል ከአድማስ ከፍ ብሎ ታዩታላችሁ፤ ኮረብታ ካልከለለው። መካ ላይ ሁለት ጭብጥ ነው። ብዙም ደማቅ አይደለም፤ ግን ሌሊት ቂብላችሁን ለሚጠይቅ መንገደኛ ከሞባይል የተሻለ ምስክር ነው።

የአጥቢያ ኮከብ የምንላት ግን ኮከብ አይደለችም። እንደ ምድር በፀሐይ ዙሪያ የምትዞር ዓለም ናት፤ ዙህራ ትባላለች። ብርሃኗ ከፀሐይ የተዋሰችው ነው።

ለሱብሂ ቀድሞ የሚነሳ ደግሞ ሁለቱን ፈጅር ይለይ። ውሸተኛው ፈጅር ወደ ላይ የቆመ ደብዛዛ ብርሃን ነው፤ በፀሐይ ዙሪያ የተበተነ አቧራ ብርሃኗን ሲመልስ የሚታይ። እውነተኛው ፈጅር በአድማሱ ላይ ወደ ጎን ይዘረጋል፤ እየደመቀም ይሄዳል። ጾምም ሶላትም የሚታሰሩት በሁለተኛው ነው።

▪ ፀሐይ ስትጋረድ

ሰኔ 14 ቀን 2012 እሑድ ጠዋት የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ጨረቃ በፀሐይ ፊት አለፈች፤ ላሊበላ ላይ ፀሐይ የእሳት ቀለበት ሆና ታየች። የእኛም ጠዋት ደበዘዘ። ጨረቃ በወርዷ ከፀሐይ 400 ጊዜ ያህል ታንሳለች፤ ግን 400 ጊዜ ያህል ትቀርበናለች። ስለዚህ በዐይን እኩል ይመስላሉ። የዚያን ቀን ጨረቃ ትንሽ ርቃ ስለነበር ሙሉ በሙሉ አልሸፈነቻትም፤ ቀለበቱ የመጣው ከዚያ ነው።

በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን ልጃቸው ኢብራሂም ባረፈ ቀን ፀሐይ ተጋርዳ ነበር፤ ሊቃውንት በ632 እ.ኤ.አ. ጥር ወር እንደነበረ በሒሳብ ደርሰውበታል። ሰዎች «ለኢብራሂም ሞት ነው» አሉ። እሳቸው ግን በዚያ ሐዘን ውስጥ ሆነው፣ ፀሐይና ጨረቃ ለማንም ሞትም ሆነ ልደት እንደማይጋረዱ፣ የአላህ ምልክቶች እንደሆኑ አስተማሩ። ይህ ለእኛ ትልቅ ትምህርት ነው። የከዋክብትን አካሄድ ማወቅ ዕውቀት ነው፤ በእነሱ ዕድል መቁጠር ግን ሌላ ነው። በአገራችን በወሎ «ኮከብህን ልይልህ» እያለ የድሃ ገንዘብ የሚበላ ሞልቷል። ቂብላና ወቅት የሚያውቅበትን ዕውቀት ለዚህ የሚያውል ሰው ሁለቱንም አርክሷል።

ሐምሌ 26 ቀን 2019 ሰኞ፣ ኢንሻአላህ ከደረስን፣ ሌላ ግርዶሽ አለ። መካ ላይ ከቀትር በኋላ ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ለ5 ደቂቃ ገደማ ትጋረዳለች። እኛ ጋ በከፊል ይሆናል። ከወዲሁ ልንገራችሁ፦ ፀሐይን በባዶ ዐይን፣ በራጅ ፊልም ወይም በፀሐይ መነጽር ማየት ዐይንን ያጠፋል፤ ሲቃጠልም ሕመሙ አይሰማም። በወረቀት ላይ ትንሽ ቀዳዳ በስታችሁ ብርሃኑን መሬት ላይ ጣሉት፤ የተጋረደችውን ፀሐይ ቅርጽ እዚያ ታያላችሁ። በቅጠል መካከል የሚያልፈው ብርሃንም ከዛፉ ሥር እንዲሁ ያሳያል። ልጆቻችሁን ይህን አስተምሩ፤ ከዚያ ወደ ሶላቱል ኩሱፍ።

▪ ምን እናድርግ?

የመድረሳ ኡስታዞች፣ አንድ ዱላና አንድ ገመድ ለደረሶቻችሁ ስጡ። በአንድ ቀን ሰሜንን፣ ቀትርንና ዐስርን ራሳቸው ያገኛሉ። አዲስ መስጂድ የምትሠሩ ጀመዓዎች፣ መሠረቱን ከመቆፈራችሁ በፊት ክቡን አዙሩ፤ ሽማግሌም ወጣትም ቆሞ ይመስክር። ኋላ ግንብ ከማፍረስና ልብ ከማድማት ይሻላል። አቅም ያለው ተማሪ ደግሞ ከዚህም ይሂድ። እንጦጦ ላይ፣ በ3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ የአንድ ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። የእኛ ልጆች እዚያ ቢደርሱ የአባቶቻቸውን መንገድ ቀጠሉ እንጂ አዲስ ነገር አልጀመሩም።

አላህ ሶፋችንን አንድ ያድርግልን፤ ያወቅነውን የምንሠራበት፣ ያላወቅነውን የምንጠይቅ ያድርገን። ለሚጠቅመው ሰው አድርሱት፤ ሞክራችሁ ያገኛችሁትንም ጻፉልኝ።

ወላሁ አዕለም።